ስለ እንግሊዝኛ ግሥ ዓይነቶች

ጠላት ከአገራችን ከወጣበት ከ1933 ዓ.ም. በፊት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ይበልጥ የሚሰማው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ግን እንግሊዝኛ ስፍራውን ወሰደ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣውም የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፥ በሁለተኛ ደረጃም ማስተማሪያ እንዲሆን ደነገገ። እንግዲህ በጎፋ ያለ ልጅ የሒሳቡንና የፊዚክሱን መጽሐፍ የሚረዳው እንግሊዝኛውን ሲረዳ ነው። የዐረፍተ ነገርም ማሰሪያው ግሥ ስለ ሆነ፥ ግሡን የሳተ ልጅ የቀረውንም ትምህርት መሳቱ አይቀርም።

ቅኔ ቤት ለዋሉ ሽማግሌዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም። ቀተለ፥ ቀደሰ፥ ባረከ እያሉ ግሥ ያወረዱ፥ አድራጊና ተደራጊ፥ አስደራጊና ተደራራጊ፥ አደራራጊም የሚባሉትን አምስቱን አዕማድ የቈጠሩ ሰዎች ናቸውና። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስም በ1935 ዓ.ም. ባሳተሙት የአማርኛ ሰዋስው ይህን ዕውቀት ለዘመናዊ ተማሪዎች አቅርበውታል። መምህሩ ከዚህ ቢነሣ ደንቡን በቃል ብቻ ከማስጠናት ይሻለዋል።

መጀመሪያ የሚለየው ተሻጋሪና የማይሻገር ግሥ ነው። «ልጁ ተኛ» ባልን ጊዜ ሥራው በልጁ ላይ ያበቃል፤ «ልጁ ደብዳቤ ጻፈ» ባልን ጊዜ ግን ሥራው ወደ ደብዳቤው ይሻገራል። እስከዚህ ሁለቱ ቋንቋዎች ይስማማሉ። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ይኸውም አማርኛ በግሡ ራስ ላይ «ተ» ወይም «አ» እየጨመረ የሚለየውን፥ እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ስለሚናገረው ነው። «አውቶቡሱ ጎፋ ቆመ» እና «ሾፌሩ አውቶቡሱን ጎፋ አቆመ» የምንለውን እንግሊዞች ለሁለቱም «ስቶፕድ» ይላሉ፤ ልዩነቱን የሚያሳየው ከግሡ በኋላ ተሻጋሪውን የሚቀበል ስም መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው። እንዲሁም «በሩ ተከፈተ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ሁለት መንገድ አለው፤ በሩ በራሱ እንደ ተከፈተ ሆኖ ሲነገር «ዘ ዶር ኦፕንድ»፥ የከፈተው ሰው መኖሩ ሲታሰብ «ዘ ዶር ዎዝ ኦፕንድ» ይባላል። የእኛው «ተ» ሁለቱንም ስለሚሸከም፥ ልጁ «ተ» ባየ ቍጥር «ዎዝ» ሊጨምር ይቃጣዋል። መምህሩም «ማን ከፈተው?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልስ ሲያጣ መንገዱ ይገለጥለታል።

ሁለተኛው ነገር ሥራን የሚናገር ግሥና ሁኔታን የሚናገር ግሥ መለያየታቸው ነው። ማወቅ፥ መውደድ፥ ማመን የመሳሰሉት ሁኔታዎች ስለ ሆኑ «አይ ኖው» እንጂ «አይ አም ኖዊንግ» አይባልም። በአንጻሩ እኛ «ተቀምጧል» ስንል በኃላፊ መልክ የአሁኑን አቀማመጥ እንናገራለን፤ እንግሊዞች ግን «ሂ ኢዝ ሲቲንግ» ይላሉ፤ «ሂ ሳት» ብሎ የተረጐመ ልጅ ሰውየውን ትናንት ያስቀምጠዋል። «ራበኝ» ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። በአማርኛ ራብ አድራጊ፥ ሰው ተቀባይ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ሰውየው ባለቤት ይሆናል፥ ግሥም ሳይሆን ቅጽል ይከተለዋል፥ «አይ አም ሃንግሪ» ይባላል።

ሦስተኛው ረዳት ግሥ ነው። እኛ «አይሄድም» ስንል አሉታው በግሡ ውስጥ ተሸሽጓል። እንግሊዝኛ ግን «ዱ» የሚባለውን ረዳት ያመጣል፥ የሩቁንም አንድ ሰው ምልክት ለእርሱ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ «ጎዝ» የነበረው «ደዝ ኖት ጎ» ይሆናል። ምልክቱ አንድ ነው፥ ከዋናው ግሥ ወደ ረዳቱ ተሸጋገረ እንጂ በሁለቱም ላይ አይጻፍም። ጥያቄም በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል።

ኃላፊ ጊዜውን በተለመደው መጨረሻ የሚያደርጉት ግሦች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ሦስት ነው፤ «ዎክት»፥ «ኮልድ»፥ «ዎንቲድ»። ከደንቡ የሚወጡት ወደ 200 ይጠጋሉ፤ የዘወትር ንግግርም በእነርሱ የተመላ ስለ ሆነ ሊታለፉ አይቻልም። እነዚህን በፊደል ተራ ማስጠናት ልጁን ማድከም ነው። እንደ ቅኔ ቤቱ በመልክ በመልካቸው ይሰብሰቡ፤ «ሲንግ፥ ሳንግ፥ ሰንግ» ካለ በኋላ «ድሪንክ፥ ድራንክ፥ ድረንክ» እና «ቢጊን፥ ቢጋን፥ ቢገን» በአንድ ዜማ ይወርዳሉ። አዋቂው ልጅ ይምራ፥ የቀሩት ይቀበሉት።

«ፑት»፥ «ካት»፥ «ሂት» በሦስቱም ስፍራ የማይለወጡ ናቸው፤ ጊዜያቸው የሚታወቀው ብዙ ጊዜ «የስተርዴይ» በሚል ዓይነት ቃል ነውና፥ መምህሩ ብቻቸውን ከሰሌዳ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ከነዐረፍተ ነገራቸው ይጻፋቸው።