ጨቅላ እባብና የይፋት ቆላ ሙቀት

እባብ የሰውነቱን ሙቀት በዋነኛነት የሚያገኘው ከአካባቢው ነው፤ የዋጠውን ምግብ በቅጡ የሚፈጨውም አካሉ ሲሞቅ ነው። በሰሜን አሜሪካ የሚገኘውን፣ ሰዎችም በቤታቸው የሚያሳድጉትን መርዝ አልባ «ንጉሥ እባብ» በምሳሌነት እንውሰድ። የጨቅላው ሣጥን አንዱ ጫፍ ወደ 30፣ ሌላው ወደ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ይደረጋል፤ እባቡ በሁለቱ መካከል እየተመላለሰ ሙቀቱን ይመጥናል። ሌሎች እባቦችን ስለሚበላም ለብቻው ይቀመጣል።

ጨቅላው የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው ለምንድን ነው? የአንድን አካል ርዝመትና ውፍረት በእጥፍ ብናሳድግ የቆዳው ስፋት 4 እጥፍ፣ ይዘቱ ግን 8 እጥፍ ይሆናል። ሙቀት የሚተላለፈው በቆዳ፣ የሚከማቸው በይዘት ነው። እንግዲህ ትንሹ እባብ ከትልቁ ፈጥኖ ይሞቃል፤ ፈጥኖም ይቀዘቅዛል።

ይህንኑ ሣጥን ወደ አገራችን እናምጣው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው፣ ከግርጌው በይፋት ቆላ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በደጋው የሚያሰጋው ብርድ ነው፤ በቆላው ግን በቀትር ፀሐይ የተተወ ዝግ ሣጥን ጨቅላውን በአጭር ጊዜ ይገድለዋል።

የዱር እባብም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በቀትር ድንጋይ ሥር፣ ነዶ ውስጥና ጉድጓድ የሚገባው ከሙቀት ለመሸሽ ነው። ስለዚህ በማሳ ውስጥ ድንጋይና ነዶ በባዶ እጅ ከማንሣታችን በፊት በዱላ እንፈትሽ። የእፉኝት ልጅ ከተወለደ ጀምሮ መርዝ አለው። ትንሽነቱ ለፀሐይ ቢያጋልጠውም፣ እኛን ከመንደፍ አያግደውም። የተነደፈ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።