ስለ ጐበጠ የፒካፕ የኋላ አክስልና ስለ አለዋወጡ

አክስል የሚባለው የመኪናን ግራና ቀኝ መንኰራኵር የሚይዝ፥ ሸክሙንም የሚቀበል የብረት አካል ነው። በአሶሳና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች፥ በባምባሲ፥ በመንጌ፥ በሸርቆሌና በኩርሙክ፥ ሰውና ጭነት ከገጠር ወደ ከተማ ብዙ ጊዜ የሚመላለሰው ፒካፕ በምትባለው አነስተኛ የጭነት መኪና ነው። ማንጎና ማሽላ የምታወርድ እርስዋ ናት፤ ክረምት በገባ ጊዜም ምጥ የጠናባት ሴት በእርስዋ ላይ ተጭና ወደ ሐኪም ቤት ትሄዳለች። እንግዲህ የዚህች መኪና አክስል መቃናትና መጕበጥ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ ነው።

በአገራችን የመኪና ክፍሎች ስም አብዛኛው ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። መኪና ወደ ኢትዮጵያ መጀመሪያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ዳሩ ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ጊዜ የጠላት መኪናዎች በብዛት ስለ ገቡ፥ ጎማ፥ ፍሬን፥ ካምቢዮ፥ ባሌስትራ፥ ኩሽኔታ፥ ክሪክ የሚሉት ቃላት በአፋችን ቀርተዋል። አስተማሪም ለልጆች ሲያስረዳ በነዚሁ ስሞች ቢጠቀም ይሻላል፤ አዲስ ስም ማውጣት ተማሪውን ከመካኒኩ ማለያየት ይሆናልና።

የኋላ አክስል አንድ ብረት ይምሰል እንጂ ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም የውጪው ቱቦና የውስጡ ዘንግ ነው። ቱቦው ከባሌስትራው ጋር ታስሮ በመኪናው ስፋት ይጋደማል፤ በመካከሉም ሆድ መሰል ስፍራ አለው፥ በዚያም ዲፈረንሻል የሚባለው የጥርሶች ስብስብ ይቀመጣል። ሁለቱ ዘንጎች ከዲፈረንሻሉ ተነሥተው በቱቦው ውስጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። የዘንጉ ጫፍ እንደ ሳሕን የሰፋ ነው፤ ጎማውም በዚህ ሳሕን ላይ በብሎን ይታሰራል። በትልልቆቹ የጭነት መኪናዎች ጎማውን የሚሸከመው ቱቦው ስለ ሆነ የዘንጉ ሥራ ማዞር ብቻ ነው፤ ዘንጉ ቢሰበር መኪናው ይቆማል እንጂ ጎማው ወልቆ አይሄድም። በአብዛኞቹ ፒካፖች ግን ዘንጉ ያዞራልም ይሸከማልም። ስለዚህ በተሰበረ ጊዜ ጎማው ከነሳሕኑ ተነጥሎ ሊወጣ ይችላል፤ በጭነቱ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ምን እንደሚሆኑ መገመት አያዳግትም።

የጐበጠ ዘንግ ዛሬ ስለ ሄደ ነገም ይሄዳል የሚል ሰው አይታጣም። አስተማሪው ቀጭን ሽቦ ወስዶ በልጆች ፊት አንድ ጊዜ ቢያጥፈው አይሰበርም፤ ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ቢያጥፈው ግን በመጨረሻ በእጁ ላይ ይቈረጣል። የሚዞር ዘንግም እንዲሁ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ከላይ የነበረው ወገን ወደ ታች፥ ከታች የነበረውም ወደ ላይ ይሄዳልና ሸክሙ አንዱን ወገን በተራ ይለጥጠዋል፥ ይጨምቀዋልም። ጎማው ከዳር እስከ ዳር 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 2 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ ኪሎ ሜትር 455 ጊዜ ያህል ይዞራል። ከአሶሳ እስከ ባምባሲ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ በአንድ ጕዞ ብቻ ዘንጉ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ ታጠፈ ማለት ነው። ቀና ሳለ ይህን እንዲችል ተደርጎ ተሠርቷል፤ ከጐበጠ በኋላ ግን በየዙሩ መወዛወዙ ሌላ ጭነት ይጨምርበታል።

ይህ ነገር በዓለም የታወቀው በብዙ ሰው ሞት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1842 ዓ.ም. ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የሞተሩ አክስል በድንገት ተሰብሮ ሠረገላዎቹ ተደራረቡ፥ እሳትም ተነሥቶ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ አውግስት ቮለር የሚባል የፕሩስያ የባቡር መሐንዲስ አክስሎችን ለብዙ ዓመት ሲመረምር ኖረ፤ ብረት በአንድ ጊዜ ሊሰብረው ከሚችለው ሸክም እጅግ ባነሰ ሸክም፥ ሸክሙ ከተደጋገመበት እንደሚሰበር በፈተና አሳየ።

አክስል የሚጐብጠው ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ በመጫን፥ በጭነት ሳለች በጕድጓድ ላይ በፍጥነት በመግባት፥ ወይም በጭቃ ተንሸራትታ ጎማዋ ከድንጋይ ጋር በጎን በመላተሟ ነው። ምልክቱም የጎማው መወላገድ፥ የጎማው ላስቲክ በአንድ ወገን ብቻ መበላት፥ በመንኰራኵሩ ውስጥ የዲፈረንሻል ዘይት መታየት ነው። ነገር ግን ምልክት አይቶ መሣሪያ ከማንሣት በፊት የጐበጠው የትኛው እንደ ሆነ መለየት ይገባል፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚጠፋው በዚህ ላይ ነውና።

አለያየቱ እንዲህ ነው። ኋላዋ ተነሥቶ በጽኑ ድጋፍ ላይ ካረፈ በኋላ ካምቢዮው ነጻ ይደረግ። አንድ ሽቦ በእንጨት ላይ ታስሮ ጫፉ የጎማውን ብረት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይቁም፥ ጎማውም በእጅ ቀስ ተብሎ ይዙር። በሽቦውና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ጊዜ ሰፍቶ አንድ ጊዜ ቢጠብ፥ ጎማዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ ይለዋወጡ። መወላገዱ ጎማውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የቸርኬው ነው፥ አክስሉ ደኅና ነው። በስፍራው ከቀረ ግን ጎማውና የፍሬኑ ታምቡር ወጥተው ሽቦው በሳሕኑ ዳር ይቁም። ሳሕኑ ከዳር እስከ ዳር 14 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ በእርሱ ላይ የታየ የ1 ሚሊ ሜትር መወላገድ በ70 ሳንቲ ሜትሩ ጎማ ዳር 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ በሳሕኑ ላይ ትንሽ መስሎ የታየ አይናቅ። ሳሕኑ ቀጥ ብሎ ሲዞር ጎማው ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘመመ ቢሆን፥ የጐበጠው ቱቦው ነው።

በዚህ ጊዜ በመንደር የሚሰጠው ምክር በእሳት ማቅናት ነው። ምክሩ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ አንጥረኛ ማረሻንና ዶማን በፍም አግሎ ሲያቃና ሁልጊዜ እናያለንና። ዳሩ ግን ያው አንጥረኛ የቢላዋ ስለት አግሎ በውሃ ሲነክረው እንደሚጠነክር፥ እንደ ገና አግሎ በቀስታ ቢያቀዘቅዘው ደግሞ እንደሚለዝብ ያውቃል። የአክስል ዘንግም በፋብሪካ በልክ ግሎ፥ በልክ ቀዝቅዞ ጥንካሬውን ያገኘ ብረት ነው። በፍም ቢቃና መልኩ ይመለሳል፥ ጥንካሬው ግን አይመለስም። የተበየደ ዘንግም ከዚህ አይሻልም። የጐበጠ ዘንግ መለወጥ ብቻ ነው ያለው፤ ሽማግሌዎችም ባለ መኪናውን በዚህ ነገር ቢገሥጹት ሥልጣናቸው ነው።

መለወጫው በአሶሳ ካልተገኘ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከአዲስ አበባ፥ ብዙ ጊዜም ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ይመጣል። ተሳስቶ የመጣ ዕቃ የሚመለሰው በስንት ቀን እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ያውቃልና፥ ከመላኩ በፊት አሮጌው ዘንግ ይውጣ፤ ርዝመቱ ይለካ፥ በጫፉ ያሉት ጥርሶችና የሳሕኑ ብሎኖች ይቈጠሩ፥ የግራ ወይም የቀኝ መሆኑም ይጻፍ፤ በብዙ ዓይነት መኪና የሁለቱ ርዝመት አንድ አይደለምና። አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው በጠፍጣፋ ነገር ላይ አንከባሎ ሳያይ ገንዘብ አይክፈል።

ለሥራው ደልዳላ ስፍራ ይመረጥ። የእጅ ፍሬን ብዙ ጊዜ የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነው፤ ስለዚህ ኋላዋ ከተነሣ መኪናዋን የሚይዛት ነገር የለም ማለት ነው። የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በእንጨት ይታገዱ። በክረምት የአሶሳ ቀይ አፈር ስለሚለሰልስ ከክሪኩ በታች ሰፊ ሳንቃ ይደረግ። የጎማው ብሎኖች መኪናዋ ሳትነሣ ጥቂት ይላሉ፥ ከተነሣችም በኋላ በተነባበረ ወፍራም ግንድ ላይ ትቀመጥ፤ በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና በታች ማንም ሰው አይግባ።

ጎማውና ታምቡሩ ከወጡ በኋላ የፍሬን ዘይት ቧንቧና የእጅ ፍሬኑ ገመድ ይፈታሉ፤ ቧንቧውም አፈር እንዳይገባበት ይደፈን። በብዙ ፒካፕ ዘንጉን የሚይዙት ከፍሬኑ ጀርባ ያሉት አራት ዳዶዎች ናቸው፤ እነርሱ ሲፈቱ ዘንጉ ከነኩሽኔታውና ከነፍሬኑ ወደ ውጭ ይሳባል። በሌላ ዓይነት መኪና ግን ዘንጉ የሚያዘው በዲፈረንሻሉ ውስጥ ባለ ትንሽ ቀለበት ነውና ክዳኑን መክፈት ያስፈልጋል፤ አልወጣ ባለ ጊዜ ጕልበት ከመጨመር ይህን ማየት ይቀድማል። ኩሽኔታውን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ዘንግ በመዶሻ ማስገባት አይገባም፤ የጠነከረ ብረት ተፈንጥሮ ዓይን ያጠፋልና። ይህን አንዱን ሥራ መጭመቂያ ላለው ጋራዥ መስጠት ነው። ዘይት የሚከለክለው የጎማ ቀለበት ግን ደኅና ቢመስልም በአዲስ ይለወጥ፤ ዋጋው ጥቂት ነው፥ ቢያፈስ ግን ዘይቱ የፍሬኑን ሸራ ያበላሻል።

የጐበጠው ቱቦው ከሆነ ሥራው ይከብዳል፤ የብዙ ሰው ክንድም ይፈልጋል። ሙሉ አክስል ሲገዛ የጥርሱ ልክ ከቀድሞው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ በፊትና በኋላ ጎማ በምትጎትት መኪና ላይ ልዩነት ቢኖር የፊቱና የኋላው እርስ በርሱ ይታገላልና። ልኩን ለማወቅ አንዱ ጎማ ተይዞ ሌላው በትክክል ሁለት ጊዜ ይዙር፥ ዲፈረንሻሉን ከካምቢዮ የሚያገናኘው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደ ዞረም ይቈጠር፤ አራት ዙርና ጥቂት ቢሆን ልኩ ከ4 ጥቂት ይበልጣል ማለት ነው። በአሮጌውም በአዲሱም ይህ ተደርጎ ይነጻጸር። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች በአዲስ ይለወጡ፤ ከመጥበቃቸውም በፊት የባሌስትራው መካከለኛ ብሎን ራስ በአክስሉ ቀዳዳ መግባቱ በዓይን ይታይ።

ሁሉ ከተገጠመ በኋላ የዲፈረንሻሉ ዘይት እስከ መሙያው ቀዳዳ ታችኛ ከንፈር ይሞላ፥ የፍሬኑም አየር ይውጣ። አንዱ ሰው መርገጫውን ረግጦ ይይዛል፥ ሌላው በመንኰራኵሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ብሎን ከፍቶ ይዘጋል፤ አረፋ የሌለበት ዘይት እስኪወጣ ይህ ይደጋገማል፥ በመካከሉም የዘይቱ ዕቃ እንዳይጎድል ይጠበቃል። መርገጫው ከእግር በታች ጠንክሮ ካልቆመ መኪናዋ ከግቢ አትውጣ። መጀመሪያ ያለ ጭነትና ያለ ተሳፋሪ ጥቂት ተነድታ ብሎኖቹ ሁሉ እንደ ገና ይጥበቁ፤ የባሌስትራው ብሎኖች ደግሞ ከጥቂት ቀን ሥራ በኋላ ሦስተኛ ጊዜ ይታዩ።