በጊዜው ላልተቀመጠ፣ ላልቆመ ወይም ላልተናገረ ሕፃን ስለሚደረግ እርዳታ

የሕፃን ሰውነትና አእምሮ የሚያድጉት በሥርዓትና በተራ ነው። ራሱን ሳያቀና የሚቀመጥ፣ መቀመጥን ሳይችል ብቻውን የሚራመድ ሕፃን የለም። ስለዚህ ገበሬ ቡቃያውን አይቶ የዘሩን ደኅንነት እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ወላጅም የልጁን እድገት በየወሩ እየተመለከተ ጤንነቱን ለመረዳት ይችላል። በዚህ ወር ትምህርታችን፣ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የቀረ ሕፃን ምን እርዳታ እንደሚያስፈልገው፣ ይልቁንም እርዳታው በጨቅላነቱ መጀመር የሚገባው ስለ ምን እንደ ሆነ እንገልጻለን።

በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባሉት ደጋዎች፣ በቦረናም ሆነ በሳይንት፣ በለጋምቦም ሆነ በከላላ፣ ሕፃን ሲዘገይ «ጊዜው ሲደርስ ይሄዳል» ወይም «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረ» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። በእርግጥ ጥቂት ዘግይቶ እኩዮቹን የሚደርስባቸው ጤነኛ ልጅ አለ። ነገር ግን ዝም ብሎ መጠበቅ ዋጋው ከባድ ነው። የሕፃን አእምሮ ገና በ2 ዓመቱ የአዋቂን አእምሮ መጠን ከሦስት አራተኛ በላይ ያህላል። በነዚህ ዓመታት ሕፃኑ ባየ፣ በሰማና በዳሰሰ ቁጥር በአእምሮው ውስጥ ያሉት መንገዶች ይጸናሉ፤ ያልተሠራባቸው ግን ሰው እንደማይሄድበት መንገድ ሣር ይውጣቸዋል። በ5 ዓመቱ ሊረዱት ቢነሡ የሚገኝ ጥቅም አለ፤ ሆኖም በ1 ዓመቱ በቀላሉ የተገኘው ነገር ያን ጊዜ በብዙ ድካም ይገኛል፤ አንዳንዱም ከቶ አይገኝም።

እንግዲህ ወላጅ ልኩን በምን ያውቃል? የዓለም የጤና ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ባወጣው መለኪያ መሠረት፣ ጤነኛ ሕፃናት ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሳይደገፉ የሚቀመጡት እስከ 9 ወር፣ ብቻቸውን የሚራመዱት ደግሞ እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ምልክቶች ያየ ወላጅ ሳይውል ሳያድር ልጁን ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰድ።

በ3 ወሩ ለሚስቅለት ሰው ፈገግታን ካልመለሰ፤
በ4 ወሩ ራሱን ካላቀና፤
በ9 ወሩ ሳይደገፍ ካልተቀመጠ፤
በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ ወደ ጠሪው ካልዞረ፤
በ18 ወሩ ካልተራመደ ወይም አንድም ቃል ካልተናገረ፤
በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል አጋጥሞ ካልተናገረ።

ያለ ወሩ የተወለደ ሕፃን ዕድሜው የሚቆጠረው ሊወለድ ይገባው ከነበረው ቀን አንሥቶ ነው። በማናቸውም ዕድሜ ቢሆን ይችለው የነበረውን ንግግር ወይም እርምጃ የተወ ሕፃን ግን ቀጠሮ የማይሰጠው ነው።

ከእርዳታው አስቀድሞ ምክንያቱ ይመርመር። ጆሮው የማይሰማ ሕፃን ንግግር አይማርም፤ ሰውም አእምሮው የጎደለ ይመስለዋል። ስለዚህ በተለይ ጆሮው የሚመግል ልጅ ይታይ። በብርዱ ምክንያት ቀኑን ሙሉ ተጠቅልሎ ከቤት የሚውል፣ ዓይነ ጥላ እንዳያገኘው ተብሎም ከፀሐይ የሚሰወር ሕፃን አጥንቱ ይለሰልሳል፤ መቆምና መሄድም ይዘገይበታል። እንቅርት በሚበዛበት ደጋ አገር ደግሞ አዮዲን በዝናብና በጎርፍ ከአፈሩ ታጥቦ ይጠፋል። እርጉዝ እናት አዮዲን ካነሳት የፅንሱ አእምሮ ይጎዳል። በአገራችን ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲገባበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል። ይህን ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቆ ማስቀመጥ፣ ወጡም ሊወርድ ሲል መጨመር ይገባል። የእንቅርት ዕጢው ሳይሠራለት የተወለደ ሕፃን ግን በጨው አይድንም፤ መድኃኒቱን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካገኘ አእምሮው ከጉዳት ይድናል፤ ከዘገየ ግን የጠፋው አይመለስም። በምጥ ጊዜ የታፈነ፣ በማጅራት ገትር የታመመ ወይም የሚጥል በሽታ የያዘው ሕፃንም ሐኪም ሊያየው የግድ ነው።

ከምርመራው በኋላ ዋናው ሥራ በቤት ውስጥ ይሠራል። በውጭ አገር በተማርንበት ዘመን ለዚሁ ተግባር የተዘጋጁ ሰፋፊ አዳራሾችንና ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን አይተናል። እዚያም ቢሆን ባለሙያው ሕፃኑን የሚያገኘው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር፤ በቀረው ጊዜ ሁሉ የምታሠራው እናት ነበረች። ስለዚህ መሣሪያ የለንም ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

አንደኛ፤ ራሱን ያላቀና ሕፃን ነቅቶ ሳለ በንጹሕ ሰሌን ላይ በሆዱ እየተኛ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ይለማመድ። እናቱም በፊቱ ተቀምጣ እያነጋገረች ቀና እንዲል ታድርገው። ለእንቅልፍ ግን በጀርባው ይተኛ።

ሁለተኛ፤ መቀመጥ ያልቻለ ሕፃን የተጠቀለለ ጋቢ በወገቡ ዙሪያ ተደርጎለት ይቀመጥ። መቆም የሚጀምር ልጅ መደቡን ይዞ ይቁም፤ የሚወደው ነገር ከመደቡ ጫፍ ሲቀመጥለት እየተንፏቀቀ ይደርስበታል። እግሩ ደርቆ እየተጠላለፈ የሚያስቸግር ሕፃን ሲታዘል እግሮቹ በእናቱ ወገብ ግራና ቀኝ ተከፍተው ይዋሉ።

ሦስተኛ፤ ለንግግር የሚያስፈልገው ሰው ብቻ ነው። እናት ስትጋግር፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ልጇን ስታጥብ የምትሠራውን በስሙ እየጠራች ታነጋግረው። ተናግራም ዝም ትበል፤ በድምፅም ቢሆን በእጁ እስኪመልስላት ድረስ ትጠብቀው። እሹሩሩውም፣ ፊትን በነጠላ ሸፍኖ መግለጡም ትምህርት ነው።

አራተኛ፤ እጁ ሥራ ይፈልጋል። ቅል፣ የታጠበ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ክዳን ያለው ጣሳ ይበቁታል፤ ከአፉ ገብቶ የሚያንቀው ጥቃቅን ነገር ግን አይሰጠው።

አምስተኛ፤ መዋጥ የሚያስቸግረው ልጅ ተኝቶ አይጉረስ፤ ቀና ብሎ ተቀምጦ ለስላሳ ገንፎ በትንሽ በትንሹ ይሰጠው።

እንዲህ ያለው ቀላል ሥራ ፍሬ እንደሚሰጥ በጃማይካ አገር ታይቷል። በዚያች አገር ዋና ከተማ በኪንግስተን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986 እና በ1987፣ የቀነጨሩ 129 ሕፃናት ተመርጠው፣ ለከፊሎቹ የጤና ረዳቶች በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄዱ ለአንድ ሰዓት ያህል እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር መጫወትን አስተማሩ። ይህም 2 ዓመት ቆየ። ከ20 ዓመት በኋላ ሲጠየቁ፣ በጨዋታ የተረዱት ካልተረዱት ይልቅ ገቢያቸው በመቶ 25 በልጦ ተገኘ። ይህ ለእኛም የሚነገር ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶው 46 ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩና። ስለዚህ ለሕፃኑ ጡትና ገንፎ ብቻ ሳይሆን ጨዋታም እንደ ምግብ ሊታሰብለት ይገባል።

የዚህ ሁሉ ታላቁ እንቅፋት ኀፍረት ነው። ጎረቤት እንዳያይ ተብሎ በጓዳ የተሸሸገ ሕፃን ሰው አያይም፣ ቃል አይሰማም፣ ፀሐይም አይነካውም፤ ስለዚህ መሸሸጉ ራሱ ሁለተኛ በሽታ ይሆንበታል። የልጅ መዘግየት ለእናት ኃጢአት የተከፈለ ዋጋ ወይም የሰው እርግማን አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ሳይሸሽጉ ወደ አደባባይ በማውጣታቸው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 በአዲስ አበባ ለመሰሎቹ ማሠልጠኛ ሊያቋቁሙ ችለዋል። እኚህ እናት በ2021 ቢያርፉም ምሳሌነታቸው አልተቀበረም። ጸበል የሚወስድ ወላጅ ይውሰድ፤ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ፤ ነገር ግን ጸሎቱ ምርመራውን አያስቀር። ካህናትና ሸሆችም ይህን ለምእመናኑ ቢነግሩ ከእኛ ቃል ይልቅ የእነርሱ ይሰማል።

እንግዲህ እናንት ወላጆች፣ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ከላይ የጻፍነው ምልክት ያለበት ሕፃን ካለ ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስታውቁ፤ እርሷም መዝግባ ወደ ጤና ጣቢያ፣ አስፈላጊም ሲሆን መካነ ሰላም ወዳለው ሆስፒታል እንዲላክ ታደርጋለች። ክረምቱ ገብቶ ጭቃው መንገዱን ሳያከብደው ተነሡ። ልጁ ሁሉን ነገር እንደ እኩዮቹ ያደርጋል ብለን ቃል አንገባም፤ ነገር ግን በራሱ እጅ የሚጎርስ፣ ውሃ ሲጠማው የሚናገር፣ እስከ ደጁ ድረስ ብቻውን የሚሄድ ልጅ ለራሱም ለቤተ ሰቡም ትልቅ ዕረፍት ነው። ይህንንም ለማግኘት የሚረዳው ዋናው መንገድ በጊዜ መጀመር ነው።