የአሮጌ ትራክተር የነዳጅ ጌጅ እንዴት ይመረመራል? እንዴትስ ይጠገናል?



ባለፈው ክረምት በአርሲ፣ ስንዴ በሚዘራበት ሰሞን፣ ሦስት ጎረቤታሞች በተራ የሚያርሱበት አንድ አሮጌ ትራክተር ማሳ መካከል ቆመ። ጌጁ ግማሽ ታንክ ናፍጣ አለ ይል ነበር፤ ታንኩ ሲከፈት ግን ባዶ ሆኖ ተገኘ። ናፍጣ በጄሪካን ተገዝቶ ቢጨመርም ሞተሩ አልነሣም አለ። ሜካኒክ ከከተማ እስኪመጣ መሸ፤ ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ጣለና ማሳው ለአራት ቀን ትራክተር የማይገባበት ጭቃ ሆነ። የሦስት ቤተ ሰብ የዘር ጊዜ ተስተጓጎለ። ምክንያቱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

የናፍጣ ሞተር ነዳጅ ካለቀበት በቧንቧውና በፓምፑ ውስጥ አየር ይገባል። አየሩ ካልወጣ ናፍጣ ቢሞላም ሞተሩ አይነሣም። ከዚህም በላይ ከታንኩ ሥር የረጋው ውኃና ዝቃጭ ወደ ማጣሪያው ይሳባል። ስለዚህ ጌጅ የጌጥ ዕቃ አይደለም፤ የሥራ ቀናችሁ ጠባቂ ነው።

ጌጁ እንዴት ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ1964 መሠራት የጀመረውን ማሴይ ፈርጉሰን 135ን በመሰሉ ትራክተሮች ላይ ያለው ጌጅ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ሁለት ክፍል አለው። አንዱ በነጂው ፊት ያለው ባለ መርፌ ጌጅ ነው። ሁለተኛው በታንኩ ላይ በብሎን የታሰረው ላኪ ነው። ላኪው ናፍጣው ላይ የሚንሳፈፍ ተንሳፋፊና ክንድ አለው። ናፍጣው ከፍና ዝቅ ሲል ክንዱ በተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ላይ ይንሸራተታል፤ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠንም ይለዋወጣል፤ መርፌውም ይህንኑ ይከተላል። ኤሌክትሪኩ ከባትሪ በጌጁ በኩል ወደ ላኪው ይሄዳል፤ ከዚያም በትራክተሩ ብረት በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። ይህ የመመለሻ መንገድ በዝገት ከታነቀ ጌጁ ይዋሻል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ከሁሉ በፊት የታንኩን ክዳን ዝጉ፤ የፈሰሰ ናፍጣ ካለ ጥረጉ፤ እሳትና ሲጋራ አርቁ።

1ኛ. ባትሪውንና ፊውዙን እዩ። ቁልፉ ሲከፈት ሌሎቹ ጌጆችና መብራቶችም የማይሠሩ ከሆነ ጥፋቱ ከላኪው አይደለም።

2ኛ. የመመለሻውን መንገድ ፈትኑ። አንድ ሽቦ ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ በላኪው ብረት ላይ፣ ሌላውን በንጹሕ የሻንሲ ብሎን ላይ እሰሩ። ጌጁ በዚህ ከተስተካከለ ዝገቱንና ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፤ ብሎኖቹንም መልሳችሁ አጥብቁ።

3ኛ. ካልተስተካከለ ከጌጁ የመጣውን ሽቦ ከላኪው ንቀሉና መርፌው የት እንደሚቆም እዩ። ቀጥሎ የሽቦውን ጫፍ ከታንኩ ራቅ ባለ ንጹሕ የሻንሲ ብረት ላይ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አስነኩ። መርፌው ወደ ሌላው ጫፍ መሄድ አለበት። አንዳንዱ ትራክተር ወደ ሙሉ፣ አንዳንዱ ወደ ባዶ ይሄዳል፤ አንዳንዱም መርፌ ቀስ ብሎ ስለሚንቀሳቀስ አትቸኩሉ። መርፌው ከሄደ ጌጁና ሽቦው ደኅና ናቸው፤ የታመመው ላኪው ነው። ካልሄደ ይህንኑ ፈተና ከጌጁ ጀርባ ድገሙት። እዚያ ከሄደ የተበጠሰው ሽቦው ነው። እዚያም ካልሄደ ኤሌክትሪክ ጌጁ ዘንድ መድረሱን በመፈተሻ አምፖል አረጋግጡ፤ ደርሶ ከሆነ የተበላሸው ጌጁ ራሱ ነው። ከባትሪ በቀጥታ ወደ ላኪው ሽቦ መቀጠል ግን ፈጽሞ አይገባም።

ላኪውን ማውጣት

ቁልፉን ዝጉ፤ ከሻንሲው ጋር የታሰረውን የባትሪ ኬብል በመጀመሪያ ንቀሉ። አፈር ወደ ታንኩ እንዳይገባ የላኪውን ዙሪያ በደንብ ጥረጉ። አቀማመጡን ምልክት አድርጋችሁ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፍቱ።

ተንሳፋፊውን ጆሯችሁ ዘንድ አቅርባችሁ ነቅንቁት። የፈሳሽ ድምፅ ከተሰማ ቀዳዳ አለው ማለት ነው። የነሐስ ከሆነ በሙቅ ውኃ ውስጥ ብትነክሩት አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳውን ያሳያችኋል። ውስጡ ናፍጣ የገባበትን ተንሳፋፊ በእሳት ለመበየድ አትሞክሩ፤ ሊፈነዳ ይችላል፤ ለውጡት።

ቀጥሎ በቴስተር እየለካችሁ ክንዱን በቀስታ ከታች ወደ ላይ አንሡት። ቁጥሩ ሳይቋረጥ መለወጥ አለበት። የሚቋረጥ ከሆነ ቀጭኑን ሽቦ በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ጥረጉት፤ በብርጭቆ ወረቀት ግን አትፈግፍጉት። አሁንም ካልዳነ ላኪው ይለወጥ። ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ በባዶና በሙሉ የሚያሳየውንም ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ። ቁጥሩ ከጌጁ ጋር የማይስማማ ላኪ አዲስም ቢሆን ይዋሻል።

መለኪያ እንጨት

ጌጁ ቢጠገንም ምስክር ያስፈልገዋል። ትራክተሩን ሜዳ ላይ አቁማችሁ፣ ታንኩ ባዶ ሲሆን 5 ሊትር እየጨመራችሁ፣ በንጹሕና ደረቅ እንጨት ላይ በየጊዜው የናፍጣውን ከፍታ በቢላ ምልክት አድርጉ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር በዚህ ለኩ። ጌጁና እንጨቱ ካልተስማሙ እንጨቱን እመኑ።

አሁን ወደ አርሲው ትራክተር ልመለስ። ላኪውም ጌጁም ደኅና ነበሩ፤ ጥፋተኛው አንድ የዛገ ብሎን ነበር። እርሱን ለማጽዳት ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉና፣ እናንተም ጌጃችሁን ክረምት ሳይገባ፣ ማሳው ገና ደረቅ ሳለ መርምሩት።