ጥፋቱ የስልኩ ነው የያዡ?

በኢኮኖሚክስ ትምህርት ውስጥ «ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ አያውቅም» የሚል ምዕራፍ አለ፡፡ አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ ይህንኑ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ በአሮጌ መኪና ገበያ ምሳሌነት አስረድቶ በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ለመሆን በቅቷል፡፡ የመኪናው ባለቤት ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ ያውቃል፤ ገዢው የሚያየው ቀለሙን ነው፡፡ በዛሬው ዓምዳችን ይኸው ምዕራፍ ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ ገበያ ሲዛወር ምን እንደሚመስል እንመለከታለን፡፡ ምሳሌያችን የ2010 የአይፎን 4 አንቴና ውዝግብ ነው፡፡ የቆየ ጉዳይ ቢሆንም ሂሳቡ ተወራርዶ ያለቀ በመሆኑ ለመማሪያ ይመቻል፡፡ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፡፡)

አፕል ኩባንያ አይፎን 4ን ጁን 24 ቀን 2010 በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በጃፓን ለገበያ አቀረበ፡፡ ከአንድ ወር በፊት በአክሲዮን ገበያ ዋጋው ማይክሮሶፍትን በልጦ ስለነበር የአፕል ሰዎች ደረታቸውን የነፉበት ወቅት ነበር፡፡ ስልኩም በሦስት ሳምንት ውስጥ 3 ሚሊዮን ተሸጠ፡፡ ይሁንና ቅሬታው የጀመረው ገና ሽያጩ በተከፈተ ሰሞን ነው፡፡ ስልኩን በግራ እጃቸው ይዘው የታችኛውን የግራ ጠርዝ በመዳፋቸው የሸፈኑ ሰዎች፣ በስልኩ ራስጌ ያሉት የኔትወርክ ዘንጎች አንድ በአንድ ሲወርዱ፣ አልፎ አልፎም ጥሪው ሲቋረጥ አዩ፡፡ የኩባንያው ኃላፊ የነበሩት ሚስተር ስቲቭ ጆብስ ለአንድ ደንበኛ በኢሜይል የሰጡት ምላሽ በአጭሩ «እንደዚያ አትያዘው» የሚል ይዘት ነበረው፡፡ ጋዜጦች ከዎተርጌት ቅሌት ስም ቀንጭበው «አንቴናጌት» አሉት፡፡

ብረቱ፣ ጣቱና ሞገዱ

የስልኩን ዙሪያ የሚከበው የማይዝግ ብረት ለጌጥ ብቻ የተሠራ አልነበረም፡፡ አንቴናው ራሱ ነበር፡፡ ብረቱ በቀጫጭን ክፍተቶች ተከፋፍሎ፣ አንዱ ክፍል ለብሉቱዝ፣ ለዋይፋይና ለጂፒኤስ፣ ሌላው ደግሞ ለጥሪና ለዳታ ያገለግላል፡፡ ሐሳቡ ብልህ ነው፤ አንቴና ወደ ውጭ ሲወጣ የስልኩ ሆድ ለሌላ ዕቃ ይለቀቃል፡፡ ችግሩ ግን የሰው ቆዳ እርጥበት ስላለው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፡፡ መዳፍ በታችኛው የግራ ክፍተት ላይ ሲያርፍ የተለያዩትን ሁለት ብረቶች ያገናኛቸዋል፡፡ አንቴና ርዝመቱ ከሚቀበለው ሞገድ ጋር ተለክቶ የሚሠራ ነገር ነው፤ በእጅ ሲቀጠል ልኩ ይዛባል፡፡ የተቃኘ ክራር ላይ ሌላ ሰው ድንገት ጣቱን እንደሚያሳርፍበት ማለት ነው፡፡

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ፡፡ እጅ በማንኛውም ስልክ ላይ ሞገድ ይከልላል፤ ይህ የስልክ ሁሉ ጠባይ ነው፡፡ በአይፎን 4 ላይ የተነሳው ጥያቄ ከዚህ ከተለመደው መከለል በላይ የሆነ ጉድለት አለ ወይ የሚል ነበር፡፡ አናንድቴክ የተባለው ዕቃ መርማሪ ድረ ገጽ ለክቶ ያወጣው ውጤት መልስ ይሰጣል፡፡ አይፎን 4 እንደ ወትሮው በእጅ ሲያዝ የ19.8 ዴሲቤል፣ ጥብቅ ተደርጎ ሲጨበጥ የ24.6 ዴሲቤል ቅናሽ አሳየ፡፡ ቀዳሚው አይፎን 3ጂኤስ ግን እንደ ወትሮው ሲያዝ ወደ 2 ዴሲቤል ብቻ ነበር የቀነሰው፡፡

ዴሲቤል ለብዙዎቻችን እንግዳ መለኪያ ስለሆነ ትንሽ እናብራራው፡፡ ሦስት ዴሲቤል ሲቀነስ ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል፡፡ አሥር ሲቀነስ አንድ አሥረኛ፣ ሃያ ሲቀነስ አንድ መቶኛ ይቀራል፡፡ ስለሆነም 24.6 ዴሲቤል ማለት ከደረሰው ኃይል ከሁለት መቶ ሰማንያ አንዱ እንኳ አልቀረም ማለት ነው፡፡ ከመቶ ብር ደመወዝ ሠላሳ አምስት ሳንቲም ያህል እጅዎ ገባ እንደማለት ይቁጠሩት፡፡

አምስቱ ዘንጎች ምን ይለካሉ?

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ይኸኛው ክፍል ነው፡፡ ወደ ስልክ የሚደርሰው ሞገድ በዲቢኤም ይለካል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጠንካራ ነው፡፡ የዚሁ ድረ ገጽ ሰዎች እንደመረመሩት፣ የአይፎን 4 ሙሉ ልኬት ከ-51 እስከ -113 ይዘልቃል፡፡ ከዚህ ውስጥ ከ-51 እስከ -91 ያለው ሰፊ ሜዳ በሙሉ «አምስት ዘንግ» ተብሎ ይታያል፡፡ የቀሩት አራት ዘንጎች ከ-91 በታች ባለችው ጠባብ ቦታ ተጨናንቀዋል፡፡

እንግዲህ ሁለት ገዢዎችን እናስብ፡፡ አንደኛው በማማ አቅራቢያ፣ -60 ላይ ሆኖ ስልኩን ጨበጠ፡፡ 24 ቢቀነስበት -84 ነው፤ ስልኩ አሁንም አምስት ዘንግ ያሳየዋል፡፡ «ስልኬ እንከን የለሽ ነው፣ ምቀኞች ናችሁ» ብሎ ቢምል አልዋሸም፡፡ ሁለተኛው -90 ላይ ቆሞ ጨበጠ፡፡ እሱም አምስት ዘንግ ሲያይ ነበር፤ 24 ሲቀነስበት ግን -114 ደረሰ፣ ኔትወርኩ ጠፋ፡፡ «ስልኩ ቆሻሻ ነው» ቢል እሱም አልዋሸም፡፡ ሁለቱ ወር ሙሉ ሲሰዳደቡ ቢከርሙ አንዳቸው ሌላውን ማሳመን አይችሉም፤ እያንዳንዱ በዓይኑ ያየውን ነው የሚመሰክረው፡፡ ገበያው ላይ የጠፋው የጋራ መስፈሪያ ነው፡፡ እህል በቁና የሚሸጥ ነጋዴ ቁናውን ራሱ ቢሠራው ምን እንደሚሆን የገበያ ሰው ሁሉ ያውቃል፡፡

አፕል ጁላይ 2 ባወጣው ደብዳቤ ዘንጎቹን የሚያሰላው ቀመር ፍጹም ስህተት እንደነበረ፣ አንዳንዴም ሁለት ዘንግ ጨምሮ እንደሚያሳይ፣ ይህም ከመጀመሪያው አይፎን ጀምሮ የቆየ መሆኑን ገለጸ፡፡ የመጀመሪያው አይፎን የወጣው በ2007 ነውና ሦስት ዓመት ሙሉ ገዢው በተጋነነ ቁና ሲሰፈርለት ነበር ማለት ነው፡፡ ቀመሩ በዚያው ወር ተስተካከለ፡፡ በነገራችን ላይ ኩባንያው ሦስቱን አጫጭር ዘንጎች በመጠኑ አስረዝሟቸዋል፤ በደንብ እንዲታዩ ነው ተባለ፡፡ አንቴናው ግን ያው ነው፡፡

ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት ማስታወቂያ አይቀበልም፤ የሚመረምረውን ዕቃም ከሱቅ ይገዛል፡፡ ከሦስት ሱቆች ሦስት አይፎን 4 ገዝቶ ሞገድ በማያስገባ ክፍል ውስጥ ከፈተሸ በኋላ፣ ጁላይ 12 ቀን ስልኩን ለመግዛት አልመክርም አለ፡፡ በዚያው ሠንጠረዥ ላይ ግን አይፎን 4 ከስማርት ስልኮች ሁሉ ከፍተኛውን ነጥብ ይዞ ነበር፡፡ መፍትሔ ብሎ ያቀረበውም ክፍተቱ ላይ ፕላስተር መለጠፍን ነው፡፡ በሁለት መቶ ዶላርና በሁለት ዓመት ውል ለተገዛ ስልክ ፕላስተር!

መቶኛው ምን ይደብቃል?

ሚስተር ጆብስ ጁላይ 16 ቀን ጋዜጠኞችን ጠርተው ያቀረቡት አኃዝ ለኢኮኖሚክስ ተማሪ ጥሩ የቤት ሥራ ነው፡፡ ስለ አንቴና ቅሬታ የደወሉት ገዢዎች 0.55 በመቶ ብቻ ናቸው አሉ፡፡ በኤቲኤንድቲ በኩል ስልኩን የመለሱት 1.7 በመቶ ሲሆኑ፣ በ3ጂኤስ ጊዜ 6 በመቶ ነበሩ፡፡ አዲሱ ስልክ ከቀዳሚው ይልቅ የሚያቋርጠው ጥሪ ከመቶ ጥሪ አንድ እንኳ አይሞላም፡፡

እስቲ ሦስተኛውን እንመርምር፡፡ «ከመቶ ከአንድ ያነሰ ጭማሪ» የሚባለው በምን ላይ የተጨመረ ነው? የቀድሞው ስልክ ከመቶ ጥሪ አንድ ያቋርጥ ከነበረ አንድ መጨመር እጥፍ ማለት ነው፡፡ አሥር ያቋርጥ ከነበረ ደግሞ አሥር በመቶ ጭማሪ ነው፡፡ መነሻው አኃዝ አልተነገረም፤ የኔትወርኩ ኩባንያ የንግድ ምስጢር ነው ተብሎ ታለፈ፡፡ መነሻ የሌለው ጭማሪ ለጆሮ ያምራል እንጂ አይመዘንም፡፡

የመላሾቹም ቁጥር ቢሆን እንደተባለው ስልኩ ደህና መሆኑን አያረጋግጥም፡፡ ዕቃ የሚመልስ ሰው የሚያመዛዝነው የጉድለቱን ዋጋ ከመልቀቂያው ዋጋ ጋር ነው፡፡ በሠላሳ ቀን ውስጥ ለሚመልስ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይከፈለው ነበር፡፡ ነገር ግን አይፎን በአሜሪካ በዚያን ጊዜ የሚሠራው በኤቲኤንድቲ ብቻ ነበር፡፡ የገዛቸውን ፕሮግራሞች ወደ ሌላ ስልክ መውሰድ አይችልም፡፡ ከሠላሳ ቀን በኋላ ለሚያቋርጥ ደግሞ ኩባንያው ከጁን 1 ጀምሮ የውል ማፍረሻ ክፍያውን ከ175 ወደ 325 ዶላር አሳድጎት ነበር፡፡ ይህን ሁሉ ከፍሎ ከመውጣት አያያዙን ማስተካከል ለብዙዎች ረከሰ፡፡

በመጨረሻ አፕል 29 ዶላር ይሸጥ የነበረውን ባምፐር የተባለ የጎማ ከቨር ለሁሉም ገዢ በነፃ ሰጠ፤ በዚህም ምክንያት 175 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገቢ ወደ ሌላ ሩብ ዓመት እንደሚያስተላልፍ ለባለአክሲዮኖች አስታወቀ፡፡ ከቨሩ ጣትን ከብረቱ ስለሚለይ በእርግጥ ይሠራል፡፡ በአናንድቴክ ልኬት ከቨር ሲደረግ ቅናሹ ከ19.8 ወደ 7.2 ወርዷል፡፡

የደጋፊ ነገር

በዚሁ መግለጫ ሚስተር ጆብስ የብላክቤሪ፣ የኤችቲሲና የሳምሰንግ ስልኮችም ሲጨበጡ ዘንጋቸው እንደሚወርድ በቪዲዮ አሳዩ፡፡ የብላክቤሪ ባለቤቶች በራሳችሁ ጣጣ አትጎትቱን ብለው ተቆጡ፡፡ ሞቶሮላ ስልኩን ደስ ባላችሁ መንገድ ያዙት የሚል ማስታወቂያ በጋዜጣ አወጣ፡፡ ኖኪያም አሾፈ፤ ብዙ የኖኪያ ስልኮች ግን በመመሪያ ደብተራቸው ላይ አንቴና ያለበትን ቦታ አትንኩ የሚል ማሳሰቢያ ነበራቸው፡፡

ነገሩ ከኩባንያዎቹ ወደ ደጋፊዎቻቸው ሲወርድ የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ ዕለት የስታዲየሙን ግራና ቀኝ ይመስል ነበር፡፡ በኳስ ግን ደጋፊው የትኬት ዋጋ ነው የሚያወጣው፡፡ የወራት ቁጠባውን በስልክ ላይ ያፈሰሰ ሰው «ተሸውጃለሁ» ብሎ ማመን ይከብደዋል፤ ስለዚህ ስልኩን ሲከላከል የሚከላከለው የራሱን ውሳኔ ነው፡፡ ኩባንያ ለዚህ ጠበቃ አንድ ሳንቲም አይከፍልም፡፡ ጉድለት ሲወጣ መጀመሪያ አካፋ ይዞ የሚያለብሰው ያው ደጋፊ ነው፡፡

ሳምሰንግ ይህን አሳምሮ ተረድቶታል፡፡ በ2011 መጨረሻ የአፕል ደጋፊዎች ሱቅ በር ላይ ሲሰለፉ የሚያሾፍ ማስታወቂያ ለቀቀ፡፡ በ2016 የራሱ ኖት 7 ባትሪው እየተቃጠለ ከገበያ ሲወጣ ሳቁ ወደ ማዶ ተሻገረ፡፡ አፕል የጆሮ ማዳመጫውን ቀዳዳ ሲያስቀር ሳምሰንግ ቀለደበት፤ በ2019 በኖት 10 እሱም አስቀረው፡፡ አፕል በ2020 ቻርጀሩን ከካርቶኑ ሲያወጣ ቀለደበት፤ በቀጣዩ ጃንዋሪ ጋላክሲ ኤስ21 ያለቻርጀር መጣ፡፡ ሲሳደቡ የከረሙት ደጋፊዎች፣ የዚህኛውም የዚያኛውም፣ ቻርጀር ለብቻው ገዙ፡፡

ለአፕልም ውዝግቡ ሽያጭ አልቀነሰበትም፤ እስከ ሴፕቴምበር 2010 ባለው ሩብ ዓመት 14.1 ሚሊዮን አይፎን ሸጧል፡፡ ካሾፉት መካከል ኖኪያ የስልክ ሥራውን ለማይክሮሶፍት ለመሸጥ በ2013 ተስማማ፤ ብላክቤሪ በ2016 የራሱን ስልክ መሥራት አቆመ፡፡ አንቴናው በ2011 በወጣው አይፎን 4ኤስ ላይ ስልኩ ከሁለት አንቴናዎች የተሻለውን እየመረጠ እንዲጠቀም ተደርጎ ተስተካከለ፡፡ የከሰሱት አሜሪካውያን ገዢዎችም በ2012 በተደረገ ስምምነት ወይ ነፃ ከቨር ወይ 15 ዶላር እንዲወስዱ ተወሰነ፡፡

ለኛ ሸማች

የዘንጎቹ ነገር በኛም አገር ይመለከተናል፡፡ ሳፋሪኮም በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአንድ ስልክ ሁለት ሲም ከትተን «ይኸኛው አራት ዘንግ፣ ያኛው ሁለት» እያልን ኩባንያ እናማርጣለን፡፡ ጓደኛችን አዲስ ስልክ ሲገዛም ከራሳችን ጎን አድርገን ዘንግ እንቆጥራለን፡፡ ስንት ዲቢኤም ስንት ዘንግ እንደሚባል ለሁሉም አምራች የሚያስገድድ ደንብ ግን የለም፡፡ ሁለት የተለያዩ ስልኮች በዘንግ ሲወዳደሩ ሁለት የተለያዩ ቁናዎችን ማወዳደር ነው፡፡

ቁጥሩ ግን ስልኩ ውስጥ አለ፡፡ በአንድሮይድ ስልኮች በሴቲንግ ስለ ስልኩ በሚገልጸው ክፍል፣ የሲም ሁኔታ በሚለው ስር በዲቢኤም ተጽፎ ይገኛል፡፡ በአይፎን *3001#12345#* ብለው ቢደውሉ የመፈተሻው ገጽ ይከፈታል፡፡ የ4ጂ ቁጥር ከ2ጂና ከ3ጂ በተለየ መንገድ ስለሚለካ 4ጂን ከ4ጂ ጋር ብቻ ያወዳድሩ፤ በ4ጂ -85 አካባቢ ደህና ሲሆን፣ ከ-110 በታች ደካማ ነው፡፡

ስልክ ሊገዙ ሲሄዱ የራስዎን ሲም ይዘው ይሂዱ፡፡ መጀመሪያ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ቁጥሩን ይዩ፣ ቀጥሎ ለጥሪ እንደሚይዙት ጨብጠው እንደገና ይዩ፡፡ ቁጥሩ በራሱም ከፍ ዝቅ ስለሚል ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት፡፡ ሻጩ ውጪ በረንዳ ላይ ሊያስሞክርዎ ይፈልግ ይሆናል፤ እርስዎ ግን ወደ ሱቁ ውስጠኛ ጥግ ወይም ወደ ምድር ቤቱ ይግቡ፡፡ ከማማ አጠገብ ያ -60 ላይ የቆመው ሰው ስልክ ሁሉ ደህና ነው፡፡ ከቨርም ሲመርጡ ብረት ያለበትን ይተዉት፡፡