ፀጉር ሠሪዋን ለምን መረጡ? (ከመምህርት ሴፕቲማ ክላርክ ሕይወት የተወሰደ ጥናት)

ጡረታ የወጣ መምህር ሲያርፍ በየትምህርት ቤቱ የሚባለው የታወቀ ነው። «ለዚህን ያህል ዓመት በቅንነት አገልግለዋል፤ ብዙ ትውልድ አፍርተዋል» ይባልና የሕሊና ጸሎት ተደርጎ ሁሉም ወደየክፍሉ ይገባል። መልካም ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን ሟቹ ክፍል ውስጥ ምን ያደርጉ እንደነበር፣ የትኛው ዘዴ ሠርቶላቸው የትኛው እንደከሸፈባቸው የሚናገር ሰው አይገኝም። ሙያው ከባለሙያው ጋር ይቀበራል ማለት ነው። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ የአንዲት ጡረተኛ መምህርትና የሕዝብ አገልጋይ ሕይወት የምናነሣው ለማሞገስ ሳይሆን ልንማርበት ነው።

የምናነሣቸው አሜሪካዊቷ ጥቁር መምህርት ሴፕቲማ ክላርክ ናቸው። አርባ ዓመት ያህል አስተምረው ከሥራ ተባረሩ። ከተባረሩ በኋላ ፊደል ላልቆጠሩ ጎልማሶች የማታ ትምህርት ቤት እንዲከፈት አደረጉ። ለዚያ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ አስተማሪ ሲመረጥ ግን መምህር አልፈለጉም፤ የመረጡት ፀጉር ሠሪ ነው። ይህን ስናነብ መጀመሪያ ቅር ብሎናል፤ አንሸሽገውም። ታዲያ እኛ የሥነ ትምህርት መጽሐፍ ታቅፈን እዚህ ምን እንሠራለን? መልሱን ለማግኘት ከመነሻው መጀመር ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሴፕቲማ በ1898 በደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ ቻርልስተን በተባለችው የወደብ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በባርነት የተወለዱ፣ እናታቸው የሰው ልብስ እያጠቡ ልጆች ያሳደጉ ነበሩ። በ1916 የመምህርነት ፈተና ሲያልፉ ገና 18 ዓመታቸው ነበር። የከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥቁር መምህር ስለማይቀጥሩ ጆንስ ወደተባለው ደሴት ተሻግረው ገጠር ገቡ። እዚያ የጠበቃቸው 132 ልጆችና አንድ የሥራ ባልደረባ ብቻ ነው። የሴፕቲማ ደመወዝ በወር 35 ዶላር። ከማዶ የነጮች ትምህርት ቤት ነበረ፤ በእሳቸው አነጋገር እዚያ ያሉት ተማሪዎች 3፣ የመምህርቷ ደመወዝ 85 ዶላር። ሒሳቡን አንባቢ ይሥራው።

የሚበቃ መጽሐፍ አልነበረም። ሴፕቲማ ላውንደሪ ቤት ልብስ የሚሸፍንበትን የወረቀት ከረጢት እየገዙ በላዩ ላይ የልጆቹን የራሳቸውን ወሬ ይጽፉ ጀመር። ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ የሚያልፉበትን መንገድ፣ በአካባቢያቸው የሚበቅለውን ተክል፣ ሰማይ ላይ የሚያዩትን። ከዚያ ልጆቹ ያንኑ ያነባሉ። ይህን የድህነት ብልሃት ብቻ አድርገን እንዳንወስደው። የደሴቱ ሰው ጉላ የሚባል፣ እንግሊዝኛና የአፍሪካ ቋንቋዎች የተቀላቀሉበት አንደበት ነበረው፤ የመጽሐፉ እንግሊዝኛ ለልጁ ባዕድ ነው። በከረጢቱ ላይ ያለውን ቃል ግን ልጁ አስቀድሞ ያውቀዋል። የሚቀረው ምልክቱን መለየት ብቻ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ወላጆቹ «እኛንስ?» ብለው ይመጡ ነበር፤ የጎልማሶች ትምህርት የጀመሩት እንዲያ ነው።

መካከሉን ፈጠን ብለን እንለፈው። በ1919 ጥቁር መምህራን በቻርልስተን እንዲቀጠሩ ከቤት ቤት እየዞሩ ፊርማ አሰባሰቡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ተፈቀደ። ኮሎምቢያ በተባለችው ከተማ ለብዙ ዓመታት አስተማሩ፤ ክረምት ክረምት እየተማሩ በ1942 የመጀመሪያ፣ በ1946 ሁለተኛ ዲግሪ ያዙ። በ1945 ጥቁርና ነጭ መምህራን እኩል እንዲከፈላቸው የቀረበው ክስ ሲረታ ከደከሙት አንዷ እሳቸው ነበሩ።

በ1956 የደቡብ ካሮላይና መንግሥት ሠራተኞቹ ለጥቁሮች መብት የሚከራከረው ብሔራዊ ማኅበር አባል እንዳይሆኑ ሕግ አወጣ። ሴፕቲማ አባልነቴን አልደብቅም አሉ። ተባረሩ፤ የጡረታ መብታቸውም አብሮ ቀረ። ለጥቁር መምህራን 726 ደብዳቤ ጽፈው «ይህን ሕግ አብረን እንቃወም» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጡት 26 ናቸው። መቼም ሌላ ሰው ቢሆን «ፈሪ ሁሉ!» ብሎ ይዘጋው ነበር። እሳቸው ግን ጥፋቱን ከራሳቸው ፈለጉ፤ ሰዎቹ ሳይዘጋጁ ገፋኋቸው፣ አስቀድሜ ማሠልጠን ነበረብኝ አሉ። ትምህርቱ አልገባ ሲል ተማሪውን ለመውቀስ የምንቸኩል ሰዎች እዚህ ላይ ትንሽ ብንቆም አይጎዳንም።

ከዚያ በኋላ የሄዱት በቴነሲ ግዛት ወደሚገኘው ሃይላንደር የተባለ የጎልማሶች ማሠልጠኛ ነው። ጥቁርና ነጭ በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጥበት፣ በዚያ ዘመን በደቡቡ ብርቅ የሆነ ቦታ ነበር። ሴፕቲማ ቀድሞም በክረምት እየሄዱ ያሠለጥኑ ነበር፤ በ1955 ክረምት ካሠለጠኗቸው መካከል ሮዛ ፓርክስ ይገኙባቸዋል። ሮዛ ፓርክስ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር በአውቶቡስ ላይ ከመቀመጫቸው አልነሣም ያሉት ናቸው።

አሁን ወደ ፀጉር ሠሪዋ ደረስን። በጆንስ ደሴት አቶ ኢሳው ጄንኪንስ የሚባሉ፣ ሰው ወደ ከተማ የሚያመላልስ አውቶቡስ የነበራቸው ሰው ነበሩ። ለምርጫ ለመመዝገብ የግዛቱን ሕገ መንግሥት ማንበብ ግዴታ ነበርና አንዲት ተሳፋሪ ማንበብ ቢያስተምሩኝ እመርጣለሁ አለቻቸው። አቶ ጄንኪንስ በመንገድ ላይ ያስጠኗት ጀመር። ነገሩ ሰፋና ወደ ሃይላንደር መጡ። በጃንዩዋሪ 1957 ከፊቱ የኅብረት ሱቅ በሆነ ቤት፣ በጓዳው በኩል ትምህርቱ ተከፈተ። ሱቁ ከፊት የሆነው ነጮቹ ጉዳዩን እንዳያውቁ ነው። ተማሪዎቹ 14 ነበሩ። አስተማሪዋ የሴፕቲማ ዘመድ የሆኑት ወይዘሮ በርኒስ ሮቢንሰን፣ ሙያቸው ፀጉር ሥራና ልብስ ስፌት።

ወይዘሮ በርኒስ በመጀመሪያው ማታ የልጆች መጽሐፍ ተውሰው ሄዱ። ስልሳ ዓመት የሞላው ገበሬ ፊት የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ መዘርጋት እንደማይሆን ግን ወዲያው ገባቸው። መጽሐፉን ወደ ጎን አድርገው፣ እኔም መምህር አይደለሁም፣ አብረን እንማማራለን ካሉ በኋላ ጠየቁ፦ ምን መማር ትፈልጋላችሁ? አንዱ ስሜን መጻፍ አለ። ሌላዋ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ አለች። በፖስታ ዕቃ ማዘዣ ቅጽ መሙላት፣ በፖስታ ቤት ገንዘብ መላክ፣ ከሩቅ ያለ ልጅ የላከውን ደብዳቤ በራስ ዓይን ማንበብ። የትምህርቱ ፕሮግራም ይኸው ሆነ። ሒሳቡም ከማዳበሪያና ከዘር ዋጋ ተነሣ። በግድግዳው ላይ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ተለጠፈ፤ ኮርሱ ሲያልቅ ይህን ታነባላችሁ ተባሉ። ትምህርቱ በሳምንት ሁለት ማታ፣ እርሻው ፋታ በሚሰጥበት ወራት ብቻ ነበር።

እንግዲህ ለምን መምህር አልተመረጠም? ምክንያቱ ሁለት ነው ብለን እናምናለን። አንደኛው የእንጀራ ነገር ነው። መምህር የመንግሥት ደመወዝተኛ ስለሆነ በማግሥቱ ሊባረር ይችላል፤ ይህን ከሴፕቲማ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የፀጉር ሠሪ ደንበኞች ግን ጥቁሮች ናቸው፤ ማን ያባርራታል? ሁለተኛው እኛን ይነካናል። ሴፕቲማ የሠለጠነ መምህር በትልቅ ሰው ፊት የልጅ ክፍል ልማዱን ይዞ እንዳይመጣ ሠግተዋል። ቀይ እስክሪብቶ፣ «ዝም በሉ»፣ «ይህን እንኳ አታውቁም?» የሚለውን። ፀጉር ሠሪ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያወራ መስማት ሥራዋ ነው። አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ ሙያችንን መናቅ ነው ብለው ተከራክረውናል። እኛ ግን አልተስማማንም። ከፀጉር ሠሪዋ ጀርባ ቆመው ሥልጠናውን ያቀነባበሩት የአርባ ዓመት መምህርት ናቸው፤ «ምን ትፈልጋላችሁ?» የሚለው ጥያቄም ከከረጢቱ ላይ ጽሑፍ ጋር አንድ ዘር ነው። ያለ ሴፕቲማ ያ ክፍል አይከፈትም ነበር።

ዘዴው ተስፋፋ። በ1961 ሃይላንደር በግዛቱ መንግሥት ሲዘጋ ፕሮግራሙ ማርቲን ሉተር ኪንግ ወደሚመሩት የደቡብ ክርስቲያን መሪዎች ጉባኤ ተዛወረ። አስተማሪዎች ከየአገሩ በአውቶቡስ እየመጡ ጆርጂያ ውስጥ ዶርቼስተር በተባለ ቦታ ለጥቂት ቀናት ይሠለጥኑ ነበር። የሚፈለግባቸው ዲግሪ ሳይሆን ጮክ ብሎ በደንብ ማንበብና ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። እሳቸው በኋላ እንደቆጠሩት እስከ 1970 ድረስ 897 እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። በ1965 የወጣው የምርጫ መብት ሕግ የማንበብ ፈተናውን ከደቡቡ አስቀረ። ሆኖም በዚሁ ድርጅት ውስጥ ወንዶቹ መሪዎች የሴት ቃል እንደማይሰሙ ሴፕቲማ በግልጽ ተናግረዋል፤ ኪንግን ቢያከብሩም ይህን አልሸፈኑላቸውም።

በ1970 ከጉባኤው ጡረታ ወጡ። ግን ቤት አልተቀመጡም። በ1975፣ ዕድሜያቸው ሰባ ሰባት አካባቢ ሳለ፣ በቻርልስተን የትምህርት ቤቶች ቦርድ አባል ሆነው ተመረጡ። ያ የከለከላቸው ከተማ፣ ያ ያባረራቸው የትምህርት ሥርዓት መሆኑን ልብ ይሏል። የተነጠቁት የመምህርነት ጡረታ በ1976 በአገረ ገዥው ትእዛዝ ተመለሰላቸው፤ ሃያ ዓመት ቆይቶ። በዲሴምበር 1987 በ89 ዓመታቸው አረፉ።

በመጨረሻ ስለ ስም መጻፍ አንድ ነገር እንጨምር። በዚያ ጓዳ የእያንዳንዱ ተማሪ ስም በካርቶን ላይ ይጻፍለትና እጁ መንገዱን እስኪለምደው ድረስ በእርሳስ ደጋግሞ ይከተለዋል። ከማረሻ ሌላ ያልያዘ እጅ መጀመሪያ እርሳስ ይሰብራል፤ መሳቅ የለም፣ ሌላ እርሳስ ይሰጣል። ለማስተማር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት ይህን መሞከር የምትፈልጉ ሠልጣኞች፣ ካርቶንና ወፍራም እርሳስ በመርጃ መሣሪያ ክፍል ይገኛል። መጀመሪያ የራሳችሁን ስም ጻፉና በግራ እጃችሁ ተከተሉት። ግራኝ የሆናችሁ በቀኝ።