ፎር ዊል ያስገባ ሁሉ በአራት ጎማ አይሄድም

በክረምት ከአሊዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚወጣውን ዳገት የሚያውቅ ሾፌር ይህን ሳያይ አልቀረም። ፒካፑ ማሾ ወይም ማሽላ ጭኗል። ፎር ዊል ገብቷል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ዙሪያውን ያያል። «ጋሼ፣ ከኋላ ግራው፣ ከፊት ቀኙ ብቻ ነው የሚዞረው!» ሁለቱ ጎማዎች ጭቃ እየረጩ ይሽከረከራሉ፤ ሁለቱ ቆመው ያያሉ። ሾፌሩ ፎር ዊሉ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። አልተበላሸም። ሲሠራም እንዲህ ነው የተሠራው።

ዳገቱ ጭነት መፈተን የጀመረው መኪና ከመምጣቱ በፊት ነው። አሊዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከባሕር ዳርቻ የሚነሣው የሲራራ ንግድ ወደ ሸዋ የሚገባባት ትልቅ ገበያ ነበረች። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ለሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መድፍና ጠመንጃ ይዞ ወደ አንኮበር የወጣው በዚሁ በኩል ነው። ግመል ለቆላው እንጂ ለዚህ ዳገት አይሆንምና፣ ጭነቱ ከግመል ወርዶ በሰው ትከሻ፣ በአህያና በበቅሎ ጀርባ ይወጣ ነበር። አንኮበር ከተማ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። ዛሬ የበቅሎውን ሥራ ፒካፕና አይሱዙ ተረክበውታል፤ ጭቃው ግን ያው ነው።

አሁን ወደ መኪናው ሆድ እንግባ። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ዘንግ ላይ ቢታሰሩ አንዱ እየተጎተተ ጎማ ይበላል፣ መሪም እምቢ ይላል። ይህን የፈታው ዲፈረንሻል ነው። ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔኬር በ1827 እ.ኤ.አ. ለእንፋሎት ሠረገላ አዋለው፤ ዛሬ በየመኪናችን ሥር ያለውም በመሠረቱ ያው ነው። ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል። ችግሩም ከዚሁ ፈቃድ ይመጣል፤ ፍጥነቱን እንደየመንገዳቸው ቢለቅላቸውም የማዞሪያ ጉልበቱን የሚያካፍለው ሁልጊዜ እኩል ነው።

በጥንድ በሬ የሚያርስ ገበሬ ይህን ሳይማር ያውቀዋል። አንዱ በሬ ሲለግም ቀንበሩ ይንጋደዳል፤ ብርቱው የቱንም ያህል ቢታገል ማረሻው የሚያገኘው ጉልበት በለጋሚው ልክ ነው። የኋላ ግራ ጎማዎ ጭቃ ላይ ሆኖ 200 ኒውተን ሜትር ብቻ መሸከም ከቻለ፣ ደረቅ ጠጠር ላይ የቆመው ቀኙም የሚደርሰው 200 ብቻ ነው። ድምሩ 400፤ ለተጫነ መኪና ደግሞ ዳገት ላይ ይህ አይበቃም።

ታዲያ ፎር ዊል ምን ጨመረ? እንደ ላንድክሩዘር 70 እና እንደ ብዙው ሃይሉክስ ባሉት መኪኖች ላይ ፎር ዊል ሲገባ የፊትና የኋላ ዘንጎች እርስ በርስ ይታሰራሉ። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከልና በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ዲፈረንሻል ግን ሳይታሰር ክፍት እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ ከተንሸራተተ ጉዞው አበቃ፤ ረዳቱ ያየውም ይህንኑ ነው። እንደ ላንድሮቨር ዲፌንደር ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚሄዱት መሃል ላይም ሦስተኛ ዲፈረንሻል አላቸው። እሱ ካልተቆለፈ መኪናውን ለማቆም አንድ ጎማ ብቻውን ይበቃል።

ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል፣ መካኒኮች ባጭሩ ኤል ኤስ ዲ የሚሉት፣ ይህን እኩል ክፍፍል ለማዛባት የተሠራ ነው። አንዱ ዓይነት በውስጡ የተደረደሩ ስስ የፍሪክሽን ዲስኮች አሉት፤ አንዱ ጎማ ቀድሞ ሊያመልጥ ሲል ዲስኮቹ ተፋትገው ጉልበቱን ወደቆመው ያሻግራሉ። ሌላው ቶርሰን ይባላል፤ አሜሪካዊው ቬርነን ግሊስማን የፈለሰፈው ነው፣ በዲስክ ፈንታ በጠመዝማዛ ጥርሶች ግፊት ይሠራል። ቅድም ባነሣነው ምሳሌ፣ ኤል ኤስ ዲው ለሚይዘው ጎማ ሁለት ተኩል እጥፍ መስጠት ቢችል፣ ለግራው 200፣ ለቀኙ 500፣ በድምሩ 700 እናገኛለን። በ400 የቆመው ፒካፕ በ700 ሊወጣ ይችላል።

ግን እጥፍ የሚሆነው ነገር ካለ ነው። ጎማው ቦይ ላይ ተንጠልጥሎ አየር ላይ ከሆነ የሚሸከመው ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ የዜሮ እጥፍ ደግሞ ዜሮ ነው። ዲስክ ያለው በውስጡ ባለው ሞላ ጥቂት ይይዛል፣ ቶርሰን ጨርሶ ይለቃል። መላ አለው፦ ፍሪሲዮን ከለቀቁ በኋላ ነዳጅ እየሰጡ በግራ እግር ፍሬኑን በስሱ መጫን። ፍሬኑ ለሚሽከረከረው ጎማ ሐሰተኛ ሸክም ይሆነዋል፣ ኤል ኤስ ዲውም ያንን አባዝቶ ለሌላው ይሰጣል። በቀድሞው ላንድሮቨር ዲፌንደር የእጅ ፍሬን ግን አይሞክሩት፤ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው።

ሻጮች የማይነግሩዎት ነገር አለ። ተረተር ይዞ የሚሄድ መንገድ ብዙ ጊዜ ወደ ገደሉ ያጋድላል። ክፍት ዲፈረንሻል ያለው መኪና እዚያ ሲንሸራተት አንዱ የኋላ ጎማ በከንቱ ይሽከረከራል፣ ሌላው ግን ስለማይዞር መሬቱን ይዞ መኪናው ወደ ጎን እንዳይሄድ ይከለክላል። ኤል ኤስ ዲ ያለው ግን ሁለቱንም አብሮ ሊያሽከረክር ይችላል። የሚሽከረከር ጎማ ወደ ጎን የመያዝ አቅሙ ይሟጠጣልና፣ የመኪናው ኋላ ቀስ ብሎ ወደ ገደሉ ይንሸራተታል። በዚህ ጊዜ ነዳጅ መጨመር ሞት መጥራት ነው፤ እግርን ከነዳጅ ማንሣት ይሻላል። እንዲህ ባለ መንገድ ከኤል ኤስ ዲ ይልቅ በቀስታ የሚነዳ እግር ያድናል።

በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባለው ቆላ ነገሩ ይገለበጣል። የወንዝ አሸዋና ሜዳ ላይ የተኛ የዋልካ ጭቃ ገደል የለውም፤ አንዱ ጎማ ሲሰምጥ ሌላው ወዲያው እንዲያግዝ የሚያደርገው ኤል ኤስ ዲ፣ ሾፌሩ ምንም ሳይጫን ሥራውን ይሠራል። እዚያ ገንዘቡን ያወጣል።

የእርስዎ መኪና የትኛው እንዳለው ማወቅ ቀላል ነው። ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፣ ፎር ዊሉን ያውጡ፣ የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ያስደግፉ። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንሥተው ጠንካራ መደገፊያ ላይ ያሳርፉ። ሞተር ጠፍቶ፣ ማርሽ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬን ተለቆ፣ አንዱን ጎማ በእጅ ያዙሩ። ሌላው ወደ ተቃራኒ ከዞረ ዲፈረንሻሉ ክፍት ነው፣ አለዚያም ዲስኩ ያለቀ ኤል ኤስ ዲ ወይም ቶርሰን ነው። አብሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞረ ኤል ኤስ ዲው አለ፣ ይሠራልም።

ኤል ኤስ ዲ ያለውን መኪና አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ አንሥቶ፣ ሞተር አስነሥቶ ማርሽ ማስገባት ግን አደጋ ነው። መሬት የረገጠው ጎማ ጉልበት ስለሚደርሰው መኪናው ከክሪኩ ዘሎ ሊሄድ ይችላል። ለጎሚስታዎ ይንገሩት።

ዲስክ ያለው ኤል ኤስ ዲ ለኤል ኤስ ዲ ተብሎ የተሠራ ዘይት ይፈልጋል። ተራ የዲፈረንሻል ዘይት ከተሞላበት በጠባብ መታጠፊያ ላይ ከኋላ ይንቀጠቀጣል፣ ያንኳኳል፤ ብዙ ጤነኛ ዲፈረንሻል በዚህ ድምፅ የተነሣ በከንቱ ይፈታል። ሌላው ጠላቱ የተለያየ ጎማ ነው። በአንድ በኩል አዲስ፣ በሌላው ያለቀ ጎማ ካሰሩ ዙሪያቸው እኩል አይሆንም፤ ቀጥ ባለው አስፋልት ላይ እንኳ ዲስኮቹ ቀኑን ሙሉ ሲፋተጉ ይውላሉ።

ለአሊዩ አምባ ዳገት መኪና ምረጥ ብባል፣ ከኋላ በቁልፍ የሚታሰር ዲፈረንሻል ያለውን እመርጣለሁ። ሲያስፈልግ ሁለቱን ጎማ አንድ ያደርጋል፣ በሚያጋድለው ቦታ ደግሞ ይፈታል፤ አስፋልት ላይ ማሰር ግን ክልክል ነው። ኤል ኤስ ዲ ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። ሃይሉክስ እንደ ዓመቱና እንደተላከበት ገበያ ክፍት፣ ኤል ኤስ ዲና በቁልፍ የሚታሰር፣ ሦስቱም ዓይነት ስላለው የሻጭን ቃል አይመኑ፤ ያገለገለ ፒካፕ ሊገዙ ሲሄዱ ክሪክና ሁለት መደገፊያ ይዘው ይሂዱ።